የእድሩን መብራት ይዘን ከዓለም ባንክ እስከ ኦቦ ጉተማ ደጅ

አርብ ጠዋት፣ ዓለም ባንክ

ዓለም ባንክ ከሚባለው ሰፈራችን የወጣነው ሁለት ሰውና አንድ ሳጥን ሆነን ነው። ሁለቱ ሰዎች እኔ ዘርፌና ጎረቤቴ ጋሽ ድንበሩ ነን፤ ሳጥኗ ደግሞ የሰፈራችን እድር የፀሐይ መብራት ባትሪ ናት። እኔ በሙያዬ መጋረጃ ሰፊ፣ በእድሩ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። ጋሽ ድንበሩ የእድሩ ንብረት ጠባቂ ናቸው። ሳጥኗን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በገመድ አስረው፣ ታቅፈዋት ነው የመጡት። ፌርማታው ላይ አንዲት የማላውቃት ሴትዮ ጠጋ ብላ «ያሳድግልዎ፤ ወንድ ነው ሴት?» አለቻቸው። ጋሽ ድንበሩ ብርድ ልብሱን ጠበቅ አደረጉት። እኔ ሳቄን በነጠላዬ ሸፈንኩት።

ጉዞው ለምን እንዳስፈለገ መጀመሪያ ልናገር። እድራችን ለለቅሶ ድንኳን የሚያበራበት አንድ ጄኔሬተር ነበረው። ጩኸቱ ለቀስተኛን አላነጋግር ያለ፣ ነዳጁ ሰልፍ የሚያስውል፣ በመጨረሻም ራሱ ታሞ የተኛ ጄኔሬተር ነው። በግንቦት ስብሰባ ላይ ጋሽ ድንበሩ ተነሡና «ፀሐይ ሰልፍ የላትም፤ የፀሐይ መብራት እንግዛ» አሉ። ከስንት ጊዜ አንዴ የሚናገሩ ሰው ስለሆኑ ሁሉም አጨበጨበላቸው። መርካቶ ወርደን ሁለት የሶላር ሰሌዳ፣ አንድ ባትሪና አምፖሎች ገዛን። ዋጋውን አልጽፈውም፤ የእድሩ አባል ያውቀዋል፣ ሌላው አንባቢ ደግሞ በከንቱ ይደነግጥብኛል።

በሐምሌ የወይዘሮ ጥሩወርቅ ባለቤት አረፉ። የመጀመሪያው ምሽት የመብራት ኃይል መብራት እንደ ልማዱ ጠፋ፤ እኛም «ይጥፋ፤ የራሳችን አለን» ብለን ኮራን። አምፖሎቹ ቦግ ብለው በሩ። ራት መቅረብ ሲጀምር ግን ደከም አሉ፣ ቀሉ፣ ከዚያ ድንኳኑ ድርግም አለ። በዚያችው ሰዓት ከጎጃም የደረሰች የሟች እህት በጨለማ ወጥ የምታወጣውን ሴት አቅፋ «ወንድሜን የት አደረግሽው!» እያለች አለቀሰች። ወጥ አውጪዋ ጭልፋውን እንደያዘች አብራት አለቀሰች፤ ምን ታድርግ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ማንንም አልወቀሰችም፤ ጋሽ ድንበሩ ግን ከዚያ ምሽት ወዲህ በቤቷ ደጅ ማለፍ ትተው በጀርባ ባለው መንገድ ይዞራሉ።

ሰብሳቢያችን አቶ ፍሰሐ አፈ ቀላል ሰው ነው። «የጋሽ ድንበሩ ፀሐይ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነብን» አለ፤ ተረቱም ሰፈሩን አዳረሰው። በዚያው ለዚህ ሳምንት እሑድ ስብሰባ ተጠራ። አጀንዳው ሁለት ነው፦ የፀሐይ መብራቱን ሸጦ ጄኔሬተር መግዛት፣ እና ሌላ ንብረት ጠባቂ መምረጥ። ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነገር ነው። ጋሽ ድንበሩ ግን ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ያላቸው ነገር ያ የመጋዘን ቁልፍ ነው። አንገታቸው ላይ ነው የሚውለው። በየሰንበቱ ከቅዳሴ መልስ መጋዘኑን ከፍተው ድስቱን ያያሉ፣ አግዳሚውን ያብሳሉ፣ ይቆልፋሉ። ቁልፉን ሲቀሙ እሑድ እሑድ ወዴት እንደሚሄዱ እኔ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም።

ያዳነችን ጎረቤታችን ጫልቱ ናት። «አባቴ አገር ያለው እድር ይኸንኑ መብራት ነው የገዛው» አለችኝ። «ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ በለቅሶ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። አሁን ያለው አባቴ ቤት ነው። ሂዱና እዩት፣ ደውዬ እነግርላችኋለሁ።» አባቷ ኦቦ ጉተማ፣ ኦቦ እንደ እኛ ጋሼ ነው፣ ከሆለታ አለፍ ብሎ ባለ መንደር ይኖራሉ። ለጋሽ ድንበሩ ስነግራቸው ብርድ ልብሱን ፍለጋ ተነሡ።

ከዓለም ባንክ እስከ አስኮ

ሚኒባሱ ውስጥ የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በሳጥኗ ነው።

«ፋዘር፣ እቃዋን ከኋላ ልወርውራት?» አለ ረዳቱ።

«ትወረውራለህ? እንዳትነካት!»

«እንግዲያው ሒሳብ አላት። ወንበር ይዛለች።»

«ጭኔ ላይ ናት እኮ።»

«ጭንዎም ወንበር ላይ ነው፣ ፋዘር።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ሳጥኗ እንደ አንድ ሙሉ ሰው ተከፈለባት፤ ጋሽ ድንበሩም እንዲያ ከሆነ ብለው ከጭናቸው አውርደው በመካከላችን አስቀመጧት። ዘነበወርቅ ስንደርስ ሆስፒታል የሚሄዱት ወረዱና ትንሽ ሰፋ አለልን። ውጪ ካፊያ ነው። ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ተይዟል፤ ነጠላ የለበሰው ሁሉ ጃንጥላ ይዞ ጭቃውን እየመረጠ ይራመዳል።

ከጦር ኃይሎች በኋላ ሾፌሩ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። እንዳጋጣሚ የሚወራው ስለ ፀሐይ ኃይል ነው። በዓለም ዙሪያ ማንም ባልጠበቀው ፍጥነት እያደገ ነው፣ የሰሌዳው ዋጋ እጅግ ወርዷል፣ ጣራውም በረሃውም በሰሌዳ እየተሸፈነ ነው ይላል ጋዜጠኛው። ጋሽ ድንበሩ ቀና አሉ፤ ከሐምሌ ወዲህ እንዲያ ቀና ሲሉ አላየሁም። ጋዜጠኛው ቀጠለና፦ ችግሩ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው፣ ቀትር ላይ ኃይሉን የሚያደርጉበት አጥተው የሚተርፋቸው አገሮች ማታ ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ያጥራቸዋል፣ የሚያጠራቅሙበት ባትሪ ገና አልበቃቸውም አለ።

«ሰማሽ ዘርፌ?» አሉኝ ጋሽ ድንበሩ። «እነሱም ራት ላይ ነው የሚጠፋባቸው።»

«ታዲያ የእነሱንም ንብረት ጠባቂ እሑድ ሊሽሩት ነው?»

ፈገግ ሊሉ ነበር፤ ተዉት።

አስኮ ወርደን ሻይ በፓስቲ ጠጣን። ፓስቲዋ ትኩስ ናት፣ ዘይቷ ግን ጣቴን እስከ ሆለታ ተከትሎኛል። ከሻይ ቤቱ አጠገብ ቆርቆሮና ቀለም የሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ ላይ የሶላር ሰሌዳዎች ከግንቡ ጋር ተደግፈው ቆመዋል። ድሮ በዚህ ቦታ የሚቆመው የበር ላሜራ ነበር። ባለሱቁን ብንጠይቀው ሰሌዳው እንደ ቆርቆሮው በየቀኑ ይሸጣል አለን። ጋሽ ድንበሩ ገመዳቸውን ፈትተው፣ ብርድ ልብሱን ገልጠው ሳጥኗን አሳዩት። ማብሪያውን ተጫነ፣ ሽቦ ነካ አደረገባት፣ ራሱን ነቀነቀ።

«ይቺ ሞታለች፣ አባት። ሌላ ይግዙ።»

ጋሽ ድንበሩ መልሰው ጠቀለሏት። ጫፉንም ጠበቅ አድርገው አስገቡት። በዚያች ሰዓት «ይመለሱ፣ ይቅርብን» ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አዘንኩላቸው። ነገር ግን የሆለታው መኪና ሊሞላ ሁለት ሰው ቀርቶት ረዳቱ ይጣራል፤ እሳቸውም ቀድመውኝ ገቡ።

አርብ ከቀትር በኋላ፣ በሆለታ መንገድ

ቡራዩን ካለፍን በኋላ አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ነው። ባሕር ዛፉ ታጥቦ ያበራል፤ የመናገሻ ተራራ ግን ደመና ተከናንቦ እንኳን ጫካው እግሩም አይታይም። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የአበባ እርሻዎቹ ላስቲክ ቤቶች ተደርድረዋል። ገበሬዎች ማዳበሪያ ከረጢት በራሳቸው ደፍተው በዝናብ ይሄዳሉ። መስኮቴ ስለማይዘጋ ግማሽ ትከሻዬ በሰበሰ፤ ቢሆንም አልከፋኝም። ዓመት ሙሉ መጋረጃ ስሰፋ ለሚውል ዓይኔ እንዲህ ያለ ሜዳ መድኃኒቱ ነው። ጋሽ ድንበሩ ሳጥኗን አቅፈው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ከሆለታ በጋሪ ጥቂት ሄድን፤ ፈረሱ ጭቃው ላይ አሻፈረኝ ሲል ወርደን በእግራችን ቀጠልን። ወደ መንደሩ ስንቃረብ አንድ ነገር አስገረመኝ። ትልልቅ የብረት ምሰሶዎች ወፍራም ሽቦ ተሸክመው በመንደሩ አናት ላይ ያልፋሉ፤ ወደ እኛ፣ ወደ ከተማው ነው የሚሄዱት። ከሥራቸው ያሉት ቤቶች ግን አንድ ክር አልወረደላቸውም። በመብራት መጥፋት ስናማርር የምንውል የከተማ ሰዎች እግረ መንገዳችንን ይህን ብናይ ደግ ነው።

በኦቦ ጉተማ ደጅ

ኦቦ ጉተማ ረጅም፣ ከሲታ፣ ኮፍያቸውን ከቤት ውስጥም የማያወልቁ አዛውንት ናቸው። «አከም ጅርቱ! ኑ፣ ኑ፣ ግቡ፤ ዝናብ በላችሁ» እያሉ በጃንጥላ ከበር ተቀበሉን። ቀና ብዬ ሳይ ከቆርቆሮ ጣራቸው ላይ አንድ ሰሌዳ በሽቦ ታስሯል። የእኛው ወንድም ነው፤ ዝናቡ ይወርድበታል። ጋሽ ድንበሩም አዩት፣ ፊታቸው ተለወጠ።

«ዝናብ እየመታው እኮ ነው!» አሉ፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«ያጥበዋል» አሉ ኦቦ ጉተማ።

ቤት ገብተን፣ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ ቀርቦልን፣ እግራችን ሲሞቅ ጋሽ ድንበሩ ሆዳቸው ውስጥ ያለውን አወጡት።

«ለቅሶ በማይኖርበት ጊዜ መብራቱን የት ነው የምታስቀምጡት?»

«እዚሁ ነዋ። ጣራው ላይ።»

«መጋዘን የላችሁም?»

«አለን፣ ለድስት። እናንተስ የት አደረጋችሁት?»

ጋሽ ድንበሩ ጀርባቸውን ቀጥ አደረጉ። «የእኛ ከተገዛ ጀምሮ በቁልፍ ነው ያለው። ሰሌዳውንም ባትሪውንም እኔ ራሴ ጠቅልዬ ነው ያስቀመጥኩት። አቧራ አልነካውም።»

ኦቦ ጉተማ ድንቹን ወደ አፋቸው ሊያደርሱ ሲሉ ቆሙ። ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ጋሽ ድንበሩ አዩ። «ፀሐይም አልነካውማ» አሉ ቀስ ብለው።

ጋሽ ድንበሩ ብርድ ልብሱን አዩት፣ አንገታቸው ላይ ያለውን ቁልፍ ነኩት። እኔ ሳቅ እንደ ውኃ ገነፈለብኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ሳይ በረደልኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ እድሩ በሙሉ ያጠፋው ጥፋት ነው። የእድር እቃ ይገዛል፣ ይቆለፋል፣ ሰው ሲሞት ይወጣል፤ ድስትም ወንበርም ጄኔሬተርም እንዲያ ነው የኖሩት። ፀሐይን ያህል ነገር ገዝተን ጨለማ ቤት ስንቆልፍባት አንዳችንም «ኧረ ጉድ!» አላልንም። በለቅሶው ቀን ረፋድ ላይ አውጥተን፣ በዚያ ደመና፣ ለግማሽ ቀን አሰጣናት። እስከ ራት ማብራቷም ደግነቷ ነው።

«ባልበላችበት ነው ያሠራኋት» አሉ ጋሽ ድንበሩ በመጨረሻ።

በመብራቱ ሥር

ሲመሽ አንዲት አምፖል ብቻ በራች። በክረምት ከአንድ በላይ አያበሩም፤ ስልክም የሚሞላው የቸገረው ሰው ብቻ ነው። ከጎረቤት አንዱ ቴሌቪዥን ይዞ መጥቶ እንደሆነ ጠየቅኩ። «መጥቶ ነበር፤ ቡና ጠጥቶ ተመለሰ» አሉኝ ኦቦ ጉተማ። እንጀራውም የሚጋገረው በእንጨት ነው። «ይቺ ለዓይን ናት፤ ለሆድ አትበቃም። በበጋ ትጠግባለች፣ በክረምት ግማሽ ጾም ናት።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገሩን። መብራቱ ሲገዛ እዚህም «ማን ቤት ይቀመጥ?» ተብሎ ክርክር ተነሥቶ ነበር። እንደ ማኅበር ጽዋ ከቤት ቤት ይዙር ተባለ። ግን በተራ አይደለም። ሰው የሞተበት ቤት ለቅሶው ካለቀ በኋላም መብራቱ እዚያው ይቀራል፤ የሚነሣው ሌላ ቤት ለቅሶ ሲገባ ነው። ሐዘንተኛ ድንኳኑ ሲፈርስ፣ ሰዉ ሲበተን ነው ጨለማው የሚበረታበት፤ መብራቱ ያኔ ነው የሚያስፈልገው ብለው ተስማሙ። ሰሌዳውም ከፀሐይ ሳይለይ፣ ባትሪውም ሳይራብ ይኖራል።

«እኔ ዘንድ የመጣው ባለቤቴ ስታርፍ ነው» አሉ ኦቦ ጉተማ። «መጀመሪያ ጠላሁት። ባበራሁት ቁጥር ባዶ መደቧን ያሳየኛል። አጥፍቼ እቀመጥ ነበር። በኋላ አንዱ ስልክ ሊሞላ ይመጣል፣ አንዷ ልጇን ልታስጠና ትመጣለች፤ ቤቱ ሰው ለመደ። አሁን እሷ ናት የላከችልኝ እላለሁ።»

ጋሽ ድንበሩ አጎንብሰው ሰሙ። «የእኔም እንዲሁ ናት፤ ሄደች» አሉ። ስለ ባለቤታቸው ሲናገሩ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው፤ ስንት ዓመት ጎረቤት ሆነን።

«ሁለት ክረምት ከእኔ ዘንድ አልወጣም፤ ይመስገን» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ሰው አልሞተብንም ማለት ነው።»

ያን ሲሉ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ከባድ ሳል ተሰማ። ኦቦ ጉተማ ብድግ ብለው በሩን ከፈቱ። «አዴ ብርቄ! ደግሞ ጀመረሽ?» አዴ ማለት እንደ እኛ እትዬ ነው። ነጭ ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ፊታቸውን በአጥሩ ላይ ብቅ አድርገው «ክፉኛ ይዞኛል፤ መብራቴን አዘጋጅልኝ፣ ልወስድብህ ነው» አሉና ከት ብለው ሳቁ።

ሳሉ የቀልድ ነው። አዴ ብርቄ በመንደሩ በዕድሜ ትልቋ ናቸው፤ ባለፉ ባገደሙ ቁጥር በኦቦ ጉተማ ደጅ ያስላሉ። ኦቦ ጉተማም «መብራቴን እንዳታስወስጅብኝ» እያሉ ትኩስ አጥሚት ይልኩላቸዋል፤ ሲብስባቸውም ጤና ጣቢያ በጋሪ የሚያደርሷቸው እሳቸው ናቸው። መብራቱን የያዘ ሰው የመንደሩን በሽተኛ መጠየቅ ሥራው ሆኗል። «ለመብራቱ ብለህ ነው የምታስታምመኝ ትለኛለች፤ እኔም አዎ እላታለሁ» አሉን። ከጋሽ ድንበሩ ደረት ውስጥ አንድ ነገር ሲናጥ ሰማሁ፤ እየሳቁ ነበር።

ቅዳሜ፣ ፀሐይን ስንጠብቅ

ጠዋት ስንነሣ ጉሙ አጥሩን ውጦታል። ኦቦ ጉተማ ጣራ ላይ ወጥተው ሽቦውን አዩ፤ ወርደውም የራሳቸውን ባትሪ ነቅለው በቦታው የእኛን ሳጥን ሰኩት።

«የእርስዎስ?» አልኳቸው።

«የክረምት ፀሐይ ለሁለት አትበቃም። ዛሬ እኔ በኩራዝ አመሻለሁ።»

ከዚያ መጠበቅ ነው። የአስኮው ሰው «ሞታለች» ያለው ከጆሯችን አልወጣም። እውነት ሞታ ከሆነ እሑድ የምናሳየው ነገር የለም፤ ቁልፉም ሄደ። ጋሽ ድንበሩ በርጩማ አውጥተው ከሳጥኗ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሳጥኗ ግንባር ላይ ያለችው የምልክት መብራት ጭል አትልም። እኔ ጎመን ስቀነጥስ ቆየሁ፤ ገበታም ቀረበ። ጋሽ ድንበሩ አልቀምስም አሉ። ጾም ነው ብለው አመካኙ፤ እኛስ ምን በልተን ኖሯል?

እኩለ ቀን አለፍ ሲል ደመናው እንደ አሮጌ ጨርቅ ተቀደደና ፀሐይ ወጣች። ቆርቆሮው መጨስ ጀመረ። ዶሮዎቹ ከጎተራው ሥር ወጡ። ጋሽ ድንበሩ ተነሥተው ጥላቸው ሳጥኗ ላይ እንዳያርፍ ወደ ጎን ቆሙ፤ ፀሐይ የምትገባው በጣራው ሰሌዳ መሆኑን ረስተውታል፤ ማንም አላስታወሳቸውም። ጥቂት እንደቆየን አረንጓዴዋ ነጥብ ብልጭ አለች። ጠፋች። ደግማ ብልጭ አለች፤ ከዚያ ጸናች።

«አልሞተችም!» ብለው ጮኹ ጋሽ ድንበሩ። «ዘርፌ፣ አልሞተችም!»

ከአጥሩ ወዲያ የአዴ ብርቄ ድምፅ መጣ። «ማነው ሞታለች ያለው? አለሁ! እኔ እንደሆንኩ አለሁ!»

ሰሌዳውን ሊወለውሉ የወጡት ኦቦ ጉተማ ከመሰላሉ ሊወድቁ ነበር። እኔ መሬት ቁጭ ብዬ ሳቅኩ፤ ጋሽ ድንበሩ እያለቀሱም እየሳቁም ነበር።

ፀሐይዋ ብዙ አልቆየችም። በቂ ነበር። ስንነሣ ጋሽ ድንበሩ ሳጥኗን አልጠቀለሏትም። ብርድ ልብሱን አጥፈው በአጥሩ ላይ ለአዴ ብርቄ ሰጧቸው። «ለሳሉ» አሏቸው። አዴ ብርቄ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው አመስግነው መረቋቸው፤ ጋሽ ድንበሩን ልጄ የሚል ሰው ከተገኘ ስንት ዘመኑ ነው።

እሑድ፣ ዓለም ባንክ

ስብሰባው ከቅዳሴ መልስ በድንኳን መጋዘኑ ደጅ ነበር። አቶ ፍሰሐ አጀንዳውን ሊያነብ ሲጀምር ጋሽ ድንበሩ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው አምፖሏን አበሩ። በቀን ብርሃን ያን ያህል አትታይም፤ ግን በርታለች። እኔ ጉዞውን ተረኩ፦ ረዳቱን፣ የአስኮውን ባለሱቅ፣ የኦቦ ጉተማን ቤት፣ የአዴ ብርቄን ሳል። ሰዉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጋሽ ድንበሩ ግን ጥፋቱን ያለ ሳቅ ተናገሩት፤ «ፀሐይን ቆለፍኩባት» አሉ፣ ሌላ ምክንያት አልጨመሩም።

ከዚያ የመንደሩን ሥርዓት ለእኛም እንዲሆን ጠየቁ። አቶ ፍሰሐ ደንብ ያውቃል፤ ወዲያው ተነሣ።

«የእድር ንብረት በግለሰብ ቤት አይቀመጥም። ደንባችን ነው።»

«የሐዘን ቤት የግለሰብ ቤት ነው እንዴ?» አሉ ጋሽ ድንበሩ።

አቶ ፍሰሐ የደንቡን መጽሐፍ ያገላብጥ ጀመር። አልደብቅም፣ ደስ አለኝ። ተከራክረን ተስማማን። መብራቱ አይሸጥም። በሐዘንተኛ ቤት ይኖራል፤ ምድጃም ካውያም አይሰካበትም። ፀሐይ ሳምንት የምትጠፋበት ክረምት አለና ጄኔሬተሩም ይጠገን ተባለ፤ ይህን የጨመሩት ራሳቸው ጋሽ ድንበሩ ናቸው። ቁልፉም ከእሳቸው ጋር ቀረ፤ ለድስቱ።

በዚያው ከሰዓት ሰሌዳዎቹ በወይዘሮ ጥሩወርቅ ጣራ ላይ ታሰሩ። ጋሽ ድንበሩ ሳጥኗን ራሳቸው ተሸክመው፣ በጀርባው መንገድ ሳይሆን በፊት ለፊቱ መጡ። ደጃፉ ላይ ቆመው «ያን ቀን አጨለምኩብሽ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። ወይዘሮ ጥሩወርቅ «ይግቡ፣ ጋሼ» ብቻ አለች። ሲመሽ አምፖሉ በራ። ሐዘኑ ከገባ ወዲህ ገርበብ ብሎ የኖረውን መስኮቷን ከፈተችና ለተሰበሰብነው ጎረቤቶች ቀስ ብላ «እንግዲህ ከእኔ ቤት አይውጣ። እዚሁ ያርጅ» አለች። ምን እየተመኘችልን እንደሆነ ሁላችንም ገባን፤ «አሜን» አልን።

ጉዞው ያስተማረኝ ብዙ አይደለም። ዓለም በሙሉ ለፀሐይ ጣራ እየሰጠ ነው፤ ማታ ላይ ግን ሁሉም እንደ እኛው እድር ነው። ጄኔሬተር ተቆልፎ ይጠብቅሃል፤ ፀሐይ አትጠብቅም። በመጣች ጊዜ የሚቀበላት፣ ሲመሽም የሚያካፍላት ሰው ያለበት ቤት ያስፈልጋታል። ሬዲዮው ያልነገረኝ ይኸኛው ነው።

ትናንት ሲመሽ ደግሞ የሰፋሁትን መጋረጃ ላደርስ በዚያ በኩል ሳልፍ ጋሽ ድንበሩን ከወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ አየኋቸው። ቀና ብለው ጣራውን አዩ፤ ቀጥሎ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ሰፈር የሚያሰማ ሳል አሳሉ። በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ወይዘሮ ጥሩወርቅ ብቅ አለች።

«ጋሽ ድንበሩ! ይግቡና ትኩስ ነገር ይጠጡ፤ መብራቴን አልሰጥም!»

ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ጋሽ ድንበሩ አንዴ ደግመው አሳሉና ገቡ።